ጠያቂው ሲጠየቅ፤ በትምህርት ቤቶች መካከል ስለሚደረግ የባህል ልውውጥ የቀረበ ሒስ

ሕፃናት ከተወለዱበት ቀበሌ ውጭ ስላለው ምድርና ስለ ሌላው ሕዝብ አኗኗር በክፍላቸው ተቀምጠው እንዲማሩ ማድረግ፥ ለብዙ ዘመን የጂኦግራፊ መጽሐፍና የካርታ ሥራ ሆኖ ኖሯል። በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ተፈለገ። ይኸውም አንዱ ክፍል በሩቅ ካለ ሌላ ክፍል ጋር ተዋውቆ፥ ደብዳቤውን፥ ሥዕሉን፥ ፊልሙንና የአገሩን ፍሬ እየተለዋወጠ እንዲማማር ማድረግ ነው። ይህ ሥራ በልዩ ልዩ አገር ተሞክሮ ብዙ ምስጋና አግኝቷል። ዳሩ ግን ምስጋናው ብዙውን ጊዜ ከምርመራው ቀድሞ የመጣ ነው፤ «ልውውጥ» የሚለው ስም ያማረ ስለ ሆነ፥ በዚህ ስም የሚሠራው ሁሉ ያማረ መስሎ ይታያል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ስሙን ለጊዜው ትተን ሥራውን መመርመር ነው።

የምንመረምርበት መለኪያ አንድ ነው። የአንድ ልውውጥ ደግነት የሚታወቀው ተማሪዎቹ ስለ ሌላው ሕዝብ ባገኙት የዕውቀት ብዛት አይደለም፤ የጠየቀው ማን ነው፥ የመለሰውስ ማን ነው፥ መላሹስ በተራው ለመጠየቅ ነጻነት ነበረውን በሚለው ነው። «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው፤ ተረቱም የሚያመሰግነው ጠያቂውን ነው። ነገር ግን «መጠየቅ» የሚለው ቃላችን «ጠ» ሲላላ የጠያቂውን ሥራ፥ «ጠ» ሲጠብቅ ደግሞ የተጠያቂውን ዕጣ ያመለክታል፤ በወረቀት ላይ ግን ሁለቱ አይለዩም። ፊደላችን አንድ አድርጎ የሚያሳየውን ይህን ጥንድ ነገር ትምህርት ቤቶች ለሁለት ከፍለው፥ ለአንዱ ወገን ጠያቂነትን፥ ለሌላው ወገን ተጠያቂነትን ብቻ ያደሉ እንደ ሆነ ልውውጡ ስሙን ያጣል። የዚህ ሒስ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

ለምርመራው አራት ሥራዎችን እንወስዳለን። ቅደም ተከተላቸው በዘመን ሳይሆን በመልሱ መጠን ነው፤ መልስ ፈጽሞ ከሌለበት ተነሥተን መልሱ ከሁሉ ይልቅ ወደ በረታበት እንሄዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያው «ሰው፤ የጥናት ኮርስ» በሚል ስም በአሜሪካ የተዘጋጀው ትምህርት ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በማሳቹሴትስ በኬምብሪጅ ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት፥ ዐሥር ዓመት ገደማ ለሆናቸው ልጆች የሚሆን አዲስ የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት ለማዘጋጀት ተነሡ፤ ከእነርሱም ዋናው የሥነ ልቡና ሊቁ ጄሮም ብሩነር ነበር። ትምህርቱ ከሳልሞን ዓሣ፥ ከባሕር ወፍና ከዝንጀሮ ኑሮ ተነሥቶ ወደ ሰው ይደርሳል፤ የሚጠይቀውም ሰውን ሰው ያሰኘው ምን እንደ ሆነ፥ ወደዚህ ደረጃ እንዴት እንደ ደረሰ፥ ወደ ፊትስ ሰብአዊነቱ እንዴት እንደሚጨምር ነው። ለሰው ኑሮ ምሳሌ ሆነው የቀረቡት በካናዳ ሰሜን በበረዶ ምድር የሚኖሩት፥ ከኢኑይት ወገን የሆኑት ኔትሲሊኮች ናቸው። የባህል ተመራማሪው አሰን ባሊክቺ ከ1963 እስከ 1965 ድረስ በፔሊ ቤይ፥ ማለት ዛሬ ኩጋሩክ በሚባለው ስፍራ፥ ኑሯቸውን የሚያሳዩ ብዙ ፊልሞች አስነሣ።

ይህ ሥራ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ፊልሞቹ ከውጭ የሚተርክ ድምፅ የለባቸውም፤ ተማሪው የበረዶ ቤት ሲሠራ፥ በድንጋይ ግድብ ውስጥ የገባ ዓሣ በጦር ሲወጋ፥ አዳኝ በበረዶው ቀዳዳ አጠገብ ቆሞ የባሕር እንስሳ ሲጠብቅ በራሱ ዓይን ያያል። እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት ምድር አጥንትና ድንጋይ፥ ቆዳና በረዶ እንዴት ቤትና መሣሪያ እንደሚሆኑ ማየት፥ «ያልሠለጠነ ሕዝብ» የሚለውን የስንፍና ቃል ከልጁ አፍ ለማስጣል የሚበቃ ነበር።

ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። አንደኛ፥ በፊልሙ የታየው ኑሮ ጠመንጃ ከመግባቱ በፊት የነበረው ነው፤ ፊልሙ በተነሣበት ጊዜ ግን ሰዎቹ ጠመንጃ ይዘው የሚያድኑ ነበሩ። የአባቶቻቸውን ኑሮ መልሰው እንዲያሳዩ ተለምነው ነው ያሳዩት። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ የቀድሞውን ጥበብ ከመረሳት ያድናል። ነገር ግን ለአሜሪካው ተማሪ እኩያ የሚሆነው በእርሱ ዘመን የሚኖረው የኔትሲሊክ ልጅ ነበር፤ ያ ልጅ ከነዘመኑ በክፍሉ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ሁለተኛ፥ በፊልሞቹ ላይ የሚሰማው የሰዎቹ ንግግር ስላልተተረጐመ፥ ተመልካቹ የሚሠሩ እጆችን እንጂ የሚከራከሩና የሚቀልዱ ሰዎችን ለማወቅ አልቻለም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚብሰው፥ ነገሩ ሁሉ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ መምጣቱ ነው። ኔትሲሊኮች ለአሜሪካ ልጆች ታዩ፤ የአሜሪካ ልጆች ግን ለኔትሲሊኮች አልታዩም።

በ1975 ይህ ትምህርት በአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ብርቱ ክርክር አስነሣ። የአሪዞናው እንደራሴ ጆን ኮንላንና ተባባሪዎቹ፥ ደካማ ሽማግሌን በበረዶ ላይ ስለ መተውና ሕፃንን ስለ መግደል የሚናገረው ክፍል የልጆችን ግብረ ገብ ያበላሻል ብለው ተቃወሙት። ደጋፊዎቹም፥ ልማድ ብዙውን ጊዜ ከምድሩ ችግር የሚወለድ መሆኑን ልጆች ሊያውቁት ይገባል ብለው መለሱ። በመጨረሻም ለትምህርቱ ከመንግሥት ይሰጥ የነበረው ገንዘብ ቆመ። ሁለቱ ወገኖች ብዙ ተነጋገሩ፤ የተነጋገሩት ግን እርስ በርሳቸው ነው። አንድ የኔትሲሊክ ልጅ «የእናንተስ ሽማግሌዎች የሚጦሩት በማን ቤት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት በር ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፥ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ይህ ጥያቄ የአሜሪካውን ልጅ ከዳኛው ወንበር አንሥቶ በምስክሩ ስፍራ ያቆመው ነበርና።

ሁለተኛው ሥራ የሰላም ጓድ ነው። ይህ ድርጅት በ1961 ሲቋቋም ከተሰጡት ሦስት ዓላማዎች አንዱ፥ አሜሪካውያን ስለ ሌሎች ሕዝቦች ያላቸው ዕውቀት እንዲሻሻል ማድረግ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ጓዶች የመጡት በ1962 ሲሆን፥ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆነው አገልግለዋል፤ ስለዚህም ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ኋላም በ1989 ድርጅቱ «ዎርልድ ዋይዝ ስኩልስ» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በዚህ ፕሮግራም በውጭ አገር የሚያገለግል አንድ ጓድ በአገሩ ከሚገኝ አንድ ክፍል ጋር ተጣምሮ፥ ስለሚኖርበት አገር ምድርና ስለ ሕዝቡ ልማድ በደብዳቤ ያስረዳል፤ ተማሪዎቹም ይጽፉለታል።

ይህ ከፊልሙ አንድ ደረጃ የተሻለ ነው። ጓዱ ከሕዝቡ ጋር አብሮ ይኖራል፤ ቋንቋውን በመጠኑም ቢሆን ይማራል፤ ተማሪዎቹ ያልገባቸውን ቢጠይቁት መልስ ይሰጣል። ነገር ግን የሚመልሰው የመንደሩ ሰው አይደለም፤ የጠያቂዎቹ የራሳቸው ወገን ነው። በቀድሞ ዘመን በሁለት መኳንንት መካከል የሚቆም ቱርጁማን ሁለቱም ባሉበት ይናገር ነበር፤ ቃሉን ቢያጣምም ከሰሚው ፊት ላይ ይታወቅበታል። ይህ ግን አንደኛው ወገን በሌለበት የሚናገር ቱርጁማን ነው። የጓዱን ቅንነት አንጠራጠርም። ቅንነትም ቢሆን ግን መምረጡ አይቀርም፤ ያስደነቀውን ይጽፋል፥ የለመደውን ይተዋል። የገበያውን ቀን፥ ውኃ የተሸከሙትን ሴቶች፥ የእንግዳ አቀባበሉን ይጽፍ ይሆናል፤ የመንደሩ ልጅ ብዕሩን ቢይዝ ግን ስለሚፈራው ፈተና ወይም ስለ ታመመችው ላሙ ይጽፍ ነበር። ሌላው ሕዝብ በሚያስደንቀው ብቻ የታወቀ እንደ ሆነ ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ሦስተኛው ሥራ ከሁለቱ በዘመን የቀደመ፥ በመልስ ግን የበለጠ ነው። ሴሌስተን ፍሬኔ የሚባለው ፈረንሳዊ መምህር በ1896 ተወለደ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 ሳንባውን ቈስሎ ከብዙ ሕመም በኋላ፥ በ1920 በደቡብ ፈረንሳይ ባር ሱር ሉ በምትባል መንደር ማስተማር ጀመረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለረጅም ሰዓት መናገር ስላቃተው፥ መምህሩ ተናጋሪ ተማሪው ሰሚ የሚሆኑበትን ሥርዐት መለወጥ ግድ ሆነበት። በ1920ዎቹ አጋማሽ አንዲት ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ ገዝቶ በክፍሉ ውስጥ አቆመ። ሕፃናቱ በመንደራቸው ያዩትን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ክፍሉ ካረመው በኋላ ፊደል እየለቀሙ በእጃቸው ያትሙታል። ከዚያም የታተመውን ወረቀት በብረታኝ አውራጃ በትሬገን መንደር ለሚያስተምረው ለረኔ ዳንየል ተማሪዎች ይልኩ ጀመር፤ የትሬገን ልጆችም የራሳቸውን አትመው ይልኩ ነበር። ከወረቀቱም ጋር የየአገሩ ፍሬ በጥቅል ይሄድ ነበር።

ሁለቱ መንደሮች በፈረንሳይ ምድር ጫፍና ጫፍ የሚገኙ ናቸው። ባር ሱር ሉ በግራስ ከተማ አቅራቢያ በተራራ ጥግ ያለች፥ የብርቱካን አበባ ለሽቶ ሠሪዎች የሚለቀምባት መንደር ነበረች። ትሬገን ግን በአትላንቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ፥ ዓሣ አጥማጆች ያሉባት ናት። አሁን የፍሬኔን ሥራ ጥበብ ልብ እንበል። የባር ሱር ሉ ልጅ ስለ ብርቱካን አበባ ለቀማ ለመንደሩ ሰው ቢጽፍ ከንቱ ድካም ነው፤ የማያውቀው የለምና። ለትሬገን ልጅ ሲጽፍ ግን አበባው የሚለቀመው በምን ወራት እንደ ሆነ፥ ከዛፉ ሥር ምን እንደሚነጠፍ፥ የሚለቅሙት እነማን እንደ ሆኑ፥ የሚመዝነውና የሚገዛው ማን እንደ ሆነ መናገር ይኖርበታል። ይህን ለመናገር ደግሞ ወጥቶ ማየትና እናቱን መጠየቅ ያስፈልገዋል። እንግዲህ የሩቁ ልጅ ጥያቄ የቅርቡን ልጅ የገዛ መንደሩን መርማሪ አደረገው። ባህልን ለሚያጠና ሰው የዚህ ነገር ትርጉም የተሰወረ አይደለም፤ የጥናታችን ሥር የለመድነውን ነገር ላልለመደው ሰው ለማስረዳት ስንነሣ የሚመጣብን ችግር ነው።

ይሁን እንጂ በዚህም ሥራ ላይ ሁለት ነገር መናገር ይገባል። የመጀመሪያው የቋንቋ ነገር ነው። በትሬገን በዚያን ዘመን የቤትና የባሕር ቋንቋ ብረቶንኛ ነበር፤ በትምህርት ቤት ግን ይህ ቋንቋ የተከለከለ ነበር። በባር ሱር ሉም በኩል የአረጋውያኑ ንግግር ፕሮቫንስኛ ነው። ልጆቹ የተጻጻፉት በመንግሥቱ ቋንቋ በፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ የነፋሱ፥ የመረቡ፥ የቅርጫቱና የዛፉ ስም ከቤቱ ወጥቶ ወደ ማተሚያው ሲደርስ ልብሱን ለውጦ ነው የሚደርሰው። ልውውጡ አካባቢን አገናኘ፤ አካባቢው የሚጠራበትን ቃል ግን ከደጅ ተወው። ሁለተኛው፥ ሁለቱ ክፍሎች እኩያሞች መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም የድኾች ልጆች የሚማሩባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በጥቅል የመጣውን ፍሬ በጥቅል ፍሬ ለመመለስ አንዳቸውም አልተቸገሩም። ሀብታቸው በማይተካከል ትምህርት ቤቶች መካከል ግን ይኸው ጥቅል ወደ ምጽዋት ሊለወጥ ይችላል። ምጽዋት የተቀበለ ልጅ የሚጽፈው የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ በምስጋና ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ ጥያቄ አይጻፍም።

የልጆቹ ጽሑፍ ያለ ዋጋ የተገኘ እንዳልሆነም መዘንጋት አይገባም። ፍሬኔ በ1928 ወደ ሴን ፖል ከተዛወረ በኋላ፥ በ1932 ከመንደሩ ባለሥልጣናትና ከሌሎች ተቃዋሚዎቹ ጋር ብርቱ ጠብ ተነሣበት፤ ከክሱም ምክንያቶች አንዱ ልጆቹ ያተሙት ጽሑፍ ነበር። በ1933 ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥቶ በ1935 በቫንስ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጅ በእውነት እንዲናገር የተፈቀደለት እንደ ሆነ፥ ንግግሩ ደስ የማያሰኘው ሰው መገኘቱ አይቀርም።

አራተኛው ሥራ ከፍሬኔ መንገድ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። በኢጣሊያ የፍሬኔን ትምህርት ከተከተሉት መምህራን አንዱ ማርዮ ሎዲ፥ በፖ ወንዝ ሜዳ በፒያዴና አጠገብ በምትገኘው በቮ መንደር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር። በዚያው ዘመን ሎሬንዞ ሚላኒ የሚባለው ካህን ከፍሎሬንስ በስተ ሰሜን በሙጄሎ ተራራማ አገር፥ ባርቢያና በተባለች ጥቂት ቤቶች ብቻ ባሉባት ስፍራ፥ ከሌላ ትምህርት ቤት የወደቁትን የእረኞችና የገበሬዎች ልጆች ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ሎዲ በ1963 ባርቢያናን ጐበኘ፤ ከዚያም የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ልጆች ተጻጻፉ።

የባርቢያና ልጆች ስለ ትምህርት ቤታቸው፥ ለምንም እንደሚማሩ የሚገልጽ መልስ ለመጻፍ ተሰበሰቡ። መልሱን ግን አንድ ጐበዝ ተማሪ እንዲጽፈው አልተደረገም። እያንዳንዱ ልጅ ሐሳቡን በትንንሽ ወረቀት፥ በአንድ ወረቀት አንድ ሐሳብ እየሆነ፥ ጻፈ፤ ወረቀቶቹ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የሚመሳሰሉት ባንድ ተከመሩ፤ ክምሮቹም ምዕራፍ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የተደጋገመው ተሰረዘ፥ የማያስፈልገው ቃል ወጣ፥ ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ተቈረጠ። በዚህ አኳኋን የተጻፈው ደብዳቤ በኅዳር ወር 1963 ሚላኒ ከጻፈው ደብዳቤ ጋር ወደ ፒያዴና ተላከ። «ለምን ትማራላችሁ?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ በልባቸው ተቀምጦ የሚጠብቅ አልነበረም፤ የተገኘው ለሌሎች ሊያስረዱ በደከሙበት ጊዜ ነው።

የዚህ ልውውጥ ፍሬ ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች አልፎ ሄደ። በባርቢያና ልጆች ዘንድ ያ የጋራ አጻጻፍ ቋሚ ዘዴ ሆነ፤ በዚሁም ዘዴ «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጅተው በ1967 አሳተሙ። መጽሐፉ የኢጣሊያ ትምህርት ቤት የድኻውን ልጅ እየጣለ የባለጸጋውን ልጅ የሚያሳልፍ መሆኑን በቍጥር እያስደገፈ የሚከስ ነው። ሚላኒም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሞተ። ከሩቅ ልጆች ጋር በመጻጻፍ የተጀመረው ነገር የገዛ አገርን በመመርመር መፈጸሙን እናስተውል። የመልካም ልውውጥ ምልክት ይህ ይመስለናል። ሌላውን ሲያውቅ የራሱን ቤት ያልመረመረ ተማሪ፥ ዕቃ ሰበሰበ እንጂ ዕውቀት አልገበየም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ ሕፃን መጀመሪያ የሚወደው የሚዳሰሰውንና የሚቀመሰውን ነው፤ ከዚህ ቢጀመር ምን ነውር አለው የሚል ነው። መልካም ተቃውሞ ነው፤ ፍሬኔም ጥቅሉን አልናቀም። የምንነቅፈው ከዕቃው መጀመርን ሳይሆን በዕቃው መጨረስን ነው። የበዓል ልብስ፥ የበዓል ምግብና የበዓል ዘፈን ብቻ ተለዋውጠው የሚለያዩ ትምህርት ቤቶች፥ ሕዝቡን ዓመቱን ሁሉ በዓል እያከበረ የሚኖር አድርገው ያስተምራሉ። የሥራው ቀን፥ ዕዳው፥ የርስቱ ክርክርና ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ምክንያት በዚያ ዐውደ ርእይ ውስጥ አይታይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ ይህ ሁሉ ነቀፌታ ደብዳቤ በባቡር በሚሄድበት ዘመን ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ ግን ሁለት ክፍሎች በአንድ ቅጽበት ፊት ለፊት ሊተያዩ ይችላሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ በ1988 የኒው ዮርክ ግዛትና የሞስኮ ትምህርት ቤቶች በኤሌክትሮኒክ መልእክት ተገናኝተዋል፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም ኢትዊኒንግ የተባለውን የትምህርት ቤቶች ትስስር በ2005 ጀምሯል። መንገዱ ማጠሩ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የኔትሲሊኩ ልጅ ያጣው በር ዛሬ በብዙ ስፍራ ሊከፈት ይችላል። ነገር ግን መሣሪያው በሩን ይከፍታል እንጂ የሚነገረውን አያዘጋጅም። ቀድሞ በጥያቄና በመልስ መካከል የነበረው ጊዜ ልጁ እናቱን የሚጠይቅበት፥ ክፍሉ የሚከራከርበት ጊዜ ነበር። ይህ ጊዜ በመምህሩ ብልኀት ካልተጠበቀ፥ ፈጣኑ መልስ ባዶ መልስ ይሆናል።

ነገሩ እኛንም የሚነካ ስለ ሆነ ወደ አገራችን እንመለስ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር መሥርተው፥ እያንዳንዱ ስለ ትውልድ አገሩ ልማድ ጽፎ በመጽሔት ማውጣት ጀምረው ነበር። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ወጣቶች በአንድ ኮሌጅ ሲገናኙ፥ አንዱ የሌላውን አገር ልማድ መጠየቁ፥ የራሱንም መናገሩ የማይቀር ነው። ይህን ሥራ ከላይ በያዝነው መለኪያ ብንመዝነው ከፍሬኔው ወገን የሚመደብ ነው፤ ጸሓፊው የራሱን አገር የሚመረምረው ለሌላው ለማስረዳት ነውና። የፍሬኔው የቋንቋ ጉድለትም አብሮት ይገኛል። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ተማሪ ያባቱን የልቅሶ ሥርዐት በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ ሲጽፍ፥ የሥርዐቱን ስም በትርጓሜ ለውጦ ብቻ ያለፈ እንደ ሆነ፥ አንባቢው ስለ ሥርዐቱ ሰማ እንጂ ሥርዐቱን አልሰማም። የባለቤቶቹን ቃል እንዳለ ጽፎ ከሥሩ ማስረዳት ይሻላል።

በ1964 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝዝ ሥርዐት ተጀመረ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆነው ተመደቡ። ከተማ ያደገው ወጣት የገጠሩን ኑሮ በዓይኑ እንዲያይ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሥርዐቱ የቆመው የተማረው ላልተማረው እንዲያስተምር በሚል መሠረት ላይ ነው። የሄደው ወጣት ጠያቂና አስተማሪ ነበር፤ የገጠሩ ልጅ ስለ ከተማው፥ ስለ ዩኒቨርሲቲውና ስለ ራሱ ስለ መምህሩ ያለውን ጥያቄ ጽፎ የሚልክበት ሌላ ክፍል አልነበረውም። የወረዳው ተማሪ ቤት ከከተማው ተማሪ ቤት ጋር እንደ እኩያ ተጣምሮ ቢጻጻፍ፥ የአንድ ወጣት የአንድ ዓመት ትዝታ ሆኖ የሚቀረው ዕውቀት የሁለት ትምህርት ቤቶች ሀብት በሆነ ነበር።

እንግዲህ የሚመጣውን ልውውጥ ሁሉ ለመመዘን ሊቃውንትም መምህራንም ሊይዙት የሚገባ ነገር አለ። መጀመሪያ፥ የሁለቱ ወገን ጥያቄዎች በቍጥርም በክብደትም የሚመጣጠኑ መሆናቸውን መመልከት ነው። ቀጥሎ፥ መልሱን የሚሰጠው የተጠየቀው ሰው ራሱ መሆኑን፥ መልስ የማይሰጥበትም ነገር ቢኖር ዝም ለማለት መብት ያለው መሆኑን መጠየቅ ነው፤ ለእንግዳ የማይገለጥ ነገር የሌለበት ቤት የለምና። ከዚያም ቋንቋው የማን እንደ ሆነ፥ የታተመው ወይም የተቀረጸው ነገር በማን እጅ እንደሚቀመጥ መመርመር ነው። የኔትሲሊክን ኑሮ የሚያሳየው ፊልም በኬምብሪጅ ብቻ ሳይሆን በኩጋሩክም ልጆች እጅ ሊገኝ ይገባል፤ የአንድ መንደር የልቅሶ ሥርዐት የተጻፈበት መጽሔትም በዚያ መንደር ተማሪ ቤት መጻሕፍት መካከል ስፍራ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ትችት የሚመለከተው ሕፃናትንና መምህሮቻቸውን ብቻ አይደለም። የባህል ጥናት ራሱ በትልልቅ ሰዎች መካከል የሚደረግ ልውውጥ ነው። ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ወደ መንደር የወረደ ተመራማሪ፥ ሽማግሌው «ያንተስ አገር ሰው ሙቱን የሚቀብረው እንዴት ነው? ይህንስ ጽፈህ ለማን ትሰጠዋለህ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ ሥራው የተቋረጠ መስሎት ቢያዝን ተሳስቷል፤ ሥራው የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ለሽማግሌው የሰጠውን መልስም ከሰበሰበው መልስ ጋር በአንድ ደብተር ይጻፈው።